ፖድካስት፦ ፈልጎ ማግኘት፣ በትንሽ ሜጋ ማዳመጥ፣ ለሌላው ማድረስ (የባሕር ዳር አድማጮች ክር)

አባይ_ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ይህ ክር ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ፈጠራ ሥራና ስለ ባህል የሚወጡ ፖድካስቶችን የምንለዋወጥበት ነው። የስም ዝርዝር ብቻ ግን አይበቃም። «ይህን ስሙት፣ አሪፍ ነው» ተብሎ የተላከ ሊንክ አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል። ተቀባዩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት፣ ስንት ሜጋ እንደሚበላበት፣ ቁም ነገሩ የቱ ጋ እንዳለ አያውቅም። ፓኬጅ ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ አንድ ክፍል ስትጠቁሙ የፖድካስቱንና የክፍሉን ስም፣ ቋንቋውን፣ ርዝመቱን፣ የፋይሉን መጠን፣ ከስንተኛው ደቂቃ ቢጀመር እንደሚሻልና ለማን እንደሚጠቅም ጻፉ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ለምሳሌ ከዳርክኔት ዳያሪስ 29ኛውን ክፍል ስትልኩ «ስለ ሃኪንግ ነው» ብቻ አትበሉ። «ስታክስኔት የሚባለው ቫይረስ ከኢንተርኔት ጋር ወዳልተገናኘው የኢራን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ጣቢያ እንዴት እንደገባና ማሽኖቹን እንዴት እንዳበላሸ ይተርካል፤ ለኔትወርክና ለኢንዱስትሪ ቁጥጥር ተማሪዎች» በሉ። ፖሊ ግቢ ያለ የኤሌክትሪካል ተማሪ ይህን ሲያነብ ለእሱ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

የምታውቁትን አካፍሉ። አፈላለግ፣ አጫጫን፣ መጠን መቀነስ፣ በቡድን ማዳመጥ፣ ሁሉም እዚሁ ይምጣ።

የፔዳዋ

ጥሩ አጀማመር ነው። ከአፈላለጉ ልነሳ፤ ብዙ ሰው «በአማርኛ ምንም የለም» ብሎ የሚተወው በአጻጻፍ ምክንያት ነውና።

የፖድካስት ማውጫዎች የአማርኛን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ አይቆጥሩም። እናንተ «ባሕር ዳር» ብላችሁ ስትፈልጉ ባለቤቱ «ባህር ዳር» ወይም «ባህርዳር» ብሎ ጽፎት ከሆነ አይመጣላችሁም። «ሥነ ጥበብ»፣ «ስነ ጥበብ» እና «ስነጥበብ» ለማውጫው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያለበትን ቃል በየመልኩ ሞክሩት፤ አንዴ አያይዛችሁ፣ አንዴ ለያይታችሁ። ከዚያ በላቲን ፊደል ደግሙት። ብዙ የአማርኛ ፖድካስቶች አርዕስታቸውን የጻፉት በላቲን ነው። «ፖድካስት» የሚለው ቃል ራሱ «ፓድካስት» ተብሎ የተጻፈበት አለ።

ሁለተኛው መንገድ በእንግዳ ስም መፈለግ ነው። ለርዕሰ ጉዳይ የሚሆን ፖድካስት ስታጡ በዚያ ጉዳይ የሚታወቀውን ሰው ፈልጉ። ስለ ኢትዮ ጃዝ የምትፈልጉ ከሆነ ሙላቱ አስታጥቄ የተጠየቀባቸው ክፍሎች በተለያዩ የውጭ ፖድካስቶች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ስሙ በላቲን ሲጻፍ አንዴ በK፣ አንዴ በQ ፊደል ስለሆነ ሁለቱንም ሞክሩ። ሊስን ኖትስ የሚባለው ድረ ገጽ ለዚህ ይመቻል። የፖድካስቱን ስም ብቻ ሳይሆን የየክፍሉን መግለጫም ይፈትሻል።

ስለ አካባቢያችን ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልጨምር። በላቲን «ጣና» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉ የሚጎርፈው የሰው ስም ነው። «ሐይቅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወይም «ኢትዮጵያ» የሚለውን ጨምሩበት። ስለ ጣና ደሴቶችና ስለ ዘጌ ገዳማት ከሆነ ደግሞ በሐይቁ ስም ከመፈለግ ይልቅ በብራና ጽሑፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም በኢትዮጵያ ክርስትና ታሪክ መፈለግ ይሻላል። ክብራን ገብርኤል ወይም ዑራ ኪዳነ ምሕረት በአርዕስት ላይ ባይወጡም በውይይቱ መሐል ሊነሱ ይችላሉ።

ድምፅና_ሽቦ

ስለ መጠን ቀላል ስሌት አለ፤ ሁሉም ሰው ቢይዘው ጥሩ ነው። የፋይሉ ፍጥነት በኪሎቢት በሰከንድ ከታወቀ በ0.45 አባዙት፤ በሰዓት ስንት ሜጋ እንደሚሆን ይሰጣችኋል። 128 ከሆነ 57.6 ሜጋ፣ 64 ከሆነ 28.8፣ 40 ከሆነ 18 ሜጋ በሰዓት ማለት ነው። ብዙዎቹ ፖድካስቶች የሚወጡት በ128 ወይም በ64 ነው።

ወሬ ብቻ ያለበትን ክፍል በ40 አንድ ቻናል አድርጎ መቀነስ ይቻላል፤ ሳይበላሽ ይሰማል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም እንዲህ ነው፦ ፋይሉን ክፈቱ፣ ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ ቀላቅሉ፣ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ጉምጉምታ ቁረጡ፣ የድምፁን ከፍታ ወደ −16 ሉፍስ አስተካክሉ (አንድ ቻናልን እንደ ሁለት ቁጠር የምትለዋ ሳጥን ምልክት ይኑርባት፤ ካልሆነ −19 በሉ)፣ ከዚያ በ22050 ሄርዝ ናሙና፣ በቋሚ 40 ኪሎቢት፣ በኤምፒ3 አውጡ። የ45 ደቂቃ ክፍል 13.5 ሜጋ ይሆናል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ናሙናውን ወደ 8000 አታውርዱ። 8000 ናሙና ማለት ከ4000 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ይቆረጣል ማለት ነው፤ የሰ እና የጸ ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ያለው ከዚያ በላይ ነው። ሰ እና ፈ እስኪምታቱ ድረስ ይደፈናል፤ ስልክ ላይ ስም ፊደል በፊደል እየቆጠርን የምንነግረው ለዚህ ነው። በ22050 እስከ 11 ሺህ ሄርዝ ድረስ ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን ወደ 24 እና ከዚያ በታች አትጫኑት። ኤምፒ3 ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ሲገጥመው ስህተቱ ከፍንዳታው ትንሽ ቀደም ብሎ እንደ ሹክሹክታ ይረጫል። የአማርኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ እና ጰ ሁሉም ፈንጂ ድምፆች ናቸው። የአማርኛ ፖድካስት አብዝቶ ሲጨመቅ ጉዳቱ በእነዚህ ድምፆች ላይ ይታወቃል። «ጠጣ» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ በማዳመጫ ስሙት፤ ከቃሉ በፊት የአሸዋ ድምፅ ከሰማችሁ አብዝታችሁ ጨምቃችሁታል።

የተጨመቀን ፋይል ደግሞ መጨመቅም አይገባም። ሁልጊዜ ከዋናው ፋይል ተነሱ። በቴሌግራም ሦስት አራት ሰው እጅ እየተጨመቀ የሚዞር ፋይል መጨረሻ ላይ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚለው ለዚህ ነው።

ሙዚቃ የሚተነተንበትን ፖድካስት ግን አትንኩት። ክራርና ማሲንቆ በ40 ኪሎቢት አንድ ቻናል ተሰምተው ምንም አይተርፍላቸውም።

ቤዛዊት_ሥር

አንድ ጥያቄ። የአማርኛው ፖድካስት አብዛኛው ያለው ዩቲዩብ ላይ ነው። በፖድካስት አፕ ስንፈልገው አይገኝም። ምን ይደረጋል? ቪዲዮውን ከፍቶ ማዳመጥ ሜጋ ይጨርሳል።

የፔዳዋ

እህቴ፣ ምክንያቱ ይህ ነው። በቀድሞው ትርጉሙ ፖድካስት ማለት አርኤስኤስ የሚባል አድራሻ ያለው ነው። አፑ ያንን አድራሻ በየጊዜው ይጠይቃል፤ አዲስ ክፍል ሲኖር የድምፅ ፋይሉን ያወርዳል። ዩቲዩብ ላይ ብቻ የሚወጣ ፕሮግራም ይህ አድራሻ ስለሌለው የፖድካስት ማውጫ አያውቀውም።

መጀመሪያ መግለጫውን እስከ ታች አንብቢ፤ ብዙዎቹ በስፖቲፋይ ወይም በቴሌግራም ቻናላቸው ድምፁን ለብቻ ያወጣሉ። ከሌለ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 144 ዝቅ ማድረግ ወጪውን በብዙ እጅ ይቀንሳል፤ ምስሉ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ብቻ ከሆነ የሚቀር ነገር የለም። በአንድሮይድ ኒውፓይፕ የሚባል አፕ ድምፁን ብቻ፣ ስክሪኑ ጠፍቶም ያጫውታል። ከጎግል ፕሌይ ስለማይገኝ ከራሱ ገጽ ወይም ከኤፍድሮይድ ይወርዳል። ከዚህ ሌላ በፖስት የተላከላችሁን የኒውፓይፕ ፋይል አትጫኑ፤ ምን እንደተጨመረበት ማወቂያ የለም።

ለባለቤቶቹም በአስተያየት መስጫው ላይ «ድምፁን በአርኤስኤስ አውጡልን» ብለን መጠየቅ አለብን። ጠያቂ ሲበዛ ይሠራሉ።

ደንገል_ታንኳ

ለአንድሮይድ አንቴናፖድን የሚያህል የለም። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ቀለል ባሉ ስልኮችም ይሠራል። አስተካክሉን ልጻፍ፤ ካልተስተካከለ ግን እሱም ካርድ ይበላል።

ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድ የሚለው ክፍል ገብታችሁ በሞባይል ዳታ የሚፈቀደውን ምረጡ። የክፍሎችን ዝርዝር ማደስ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ይፈቀድ፤ ፋይል ማውረድና በቀጥታ ማጫወት ይከልከል። በራሱ እንዲያወርድ የምታደርጉት ሁለት ሦስት የምትወዷቸውን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፖድካስት ለብቻው ይስተካከላል። ተሰምቶ ያለቀው ራሱ እንዲጠፋ አድርጉ። እንዲህ ከሆነ ግቢ ወይም ቢሮ ዋይፋይ ስር ስትገቡ ያወርዳል፤ ከቀበሌ 14 እስከ ዘንዘልማ ባጃጅ ውስጥ ስትሄዱ ያለ ኔት ትሰማላችሁ። ዝምታን ዝለል የሚለው ምርጫ ረጅም ቆም ቆም ለሚሉ ጠያቂዎች ጥሩ ነው፤ ለተረትና ለግጥም ግን አጥፉት፤ ዕረፍቱ የግጥሙ አካል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። አንቴናፖድ የስልካችሁን አንድ ፎልደር እንደ ፖድካስት መቀበል ይችላል። ፖድካስት ጨምር ከሚለው ገጽ ላይ የስልክ ፎልደር ጨምር የሚለውን ንኩና ፎልደሩን አሳዩት። በቴሌግራም ወይም በፍላሽ የተሰጧችሁን ፋይሎች እዚያ ስታስገቡ እንደ ክፍል ይደረደራሉ፤ የት ላይ እንዳቆማችሁም ያስታውሳል።

የምትከታተሏቸውን ዝርዝር በኦፒኤምኤል ፋይል እያወጣችሁ አስቀምጡ። ጎግል ፖድካስትስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዘጋ ዝርዝሩን ያላወጣ ሰው ሁሉንም ከባዶ ጀመረ። ያ ፋይል በጣም ትንሽ ነው፤ ለጓደኛ ቢላክ ሙሉ ምርጫችሁን በአንድ ጊዜ ያገኛል። ለማካፈል ከዚህ የቀለለ የለም።

አይፎን ያላችሁ አብሮት የመጣው የአፕል ፖድካስትስ ወይም ኦቨርካስት ይበቃችኋል።

ሰባታሚት

የማውቃቸውንና ለእዚህ ክር ይሆናሉ የምላቸውን ልጠቁም። ሁሉም አርኤስኤስ አላቸው፣ በአንቴናፖድ ይገኛሉ።

99 ፐርሰንት ኢንቪዝብል። ሮማን ማርስ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ነው። በየዕለቱ ሳናይ ስለምናልፋቸው የተነደፉ ነገሮች ነው፤ ምልክቶች፣ ሕንፃዎች፣ መንገዶች። ለአርክቴክቸርና ለከተማ ፕላን ተማሪዎች ቀዳሚው ይህ ነው። ለየክፍሉ በድረ ገጹ ላይ ጽሑፍና ፎቶ ስላለ መጀመሪያ አንብቦ መምረጥ ይቻላል፤ ጽሑፍ ከድምፅ ጋር ሲነጻጸር ሜጋው ምንም ማለት ነው። ባሕር ዳር በዘንባባ የታጀበ ሰፊ ጎዳና ያላት ከተማ ናት፤ ይህን ፖድካስት የሰማ ሰው ማታ በዚያ መንገድ ሲሄድ ይህን ማን አሰበው፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ትዌንቲ ታውዘንድ ኸርዝ። ስለ ድምፆች አመጣጥ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲሪ የሚባለው የአፕል ረዳት የመጀመሪያ ድምፅ ስለሆነችው ሴት ነው። የድምፅ ሥራቸው እጅግ የጠራ ስለሆነ በማዳመጫ ይሰማ፤ መጠኑ አይቀነስ።

ሶንግ ኤክስፕሎደር። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሙዚቀኞች አንድ ዘፈናቸውን መሣሪያ በመሣሪያ ፈተው የሚያስረዱበት ነው። ለአቀናባሪዎችና ድምፅ ለሚቀዱ። ይህም አይጨመቅ።

ዳርክኔት ዳያሪስ። ስለ ሃኪንግና የመረጃ ደኅንነት፤ አዘጋጁ ጃክ ራይሳይደር ነው። የየክፍሉ ሙሉ ጽሑፍ ድረ ገጹ ላይ አለ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው ጽሑፉን ከፍቶ መስማት ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል።

ኢን አወር ታይም። እ.ኤ.አ. በ1998 በቢቢሲ ራዲዮ 4 የጀመረ። ሦስት ምሁራን በአንድ ርዕስ ላይ ይወያያሉ፤ ከሒሳብ እስከ ሥነ ጽሑፍ። ማኅደሩ ከአንድ ሺህ ክፍል በላይ ነው። ወሬ ብቻ ስለሆነ በ40 ኪሎቢት ቢጨመቅ ምንም አይጎድልበትም።

አፍሮፖፕ ወርልድዋይድ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ሕዝባዊ ራዲዮ የጀመረ፣ የአፍሪካ ሙዚቃ ላይ ያተኮረ ነው።

በአማርኛ የጀርመኑን ዶይቸ ቬለና የአውስትራሊያውን ኤስቢኤስ የአማርኛ ክፍሎች በፖድካስት መከታተል ይቻላል። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሁለቱም ዜናን፣ ሳይንስን፣ ባህልንና ጤናን በአንድ መስመር ስለሚያወጡ በራስ ሰር እንዲያወርድ አታድርጉት፤ ስልካችሁን ይሞላል። ዝርዝሩን እያያችሁ የፈለጋችሁትን ብቻ አውርዱ።

አባይ_ማዶ

እናመሰግናለን። የሰው ሥራ እየጨመቁ በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ላይ ግን መነጋገር ያለብን ይመስለኛል። ለባለቤቱ ምን ይቀርለታል?

ድምፅና_ሽቦ

ኔት በማይሠራበት ወይም በጠፋበት ጊዜ ፋይሉ ካልተዳረሰ የሚሰማው የለም። ገጠር ያለ አስተማሪ ሊንክ ምን ያደርግለታል? ሳይሰማ ከሚቀር ተጨምቆ ይድረሰው። የእኔ አቋም ይህ ነው።

የፔዳዋ

ወንድሜ፣ የአስተማሪው ነገር እውነት ነው። ግን የባለቤቱንም እንይለት። ፖድካስት የሚቆጠረው ፋይሉ ከራሱ አገልጋይ ኮምፒዩተር ሲወርድ ነው። የተለመደው የቆጠራ ደንብ ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ድምፅ የሚሆን ከወረደ አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በአንድ ዓይነት አፕ በ24 ሰዓት ውስጥ የተደጋገመውን ግን እንደ አንድ ይወስደዋል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ዋይፋይ ስር ሆነው በአንድ ዓይነት ስልክና አፕ ያወረዱ ተማሪዎች ከትክክለኛ ቁጥራቸው አንሰው ይታያሉ። በዚያ ላይ ፋይሉን በቴሌግራም ካዞርነው ባሕር ዳር ውስጥ አድማጭ መኖሩን ባለቤቱ ጨርሶ አያውቅም። የአማርኛ ፖድካስት አዘጋጅ ደግሞ ስፖንሰር የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው። በፋይል ብቻ የምናዞረው ሥራ ሲቋረጥ የምናጣው እኛ ነን።

እንዲህ ብናደርግ ይሻላል። ሊንኩ ሁልጊዜ ይቅደም። የተጨመቀ ፋይል ኔት ለሌላቸው ሰዎች በተዘጋ ግሩፕ ብቻ ይሂድ፤ በክፍት ቻናል አይለጠፍ። የባለቤቱ ስምና ሊንክ ከፋይሉ ጋር ይኑር። ለአማርኛዎቹ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የኢሜይል ወይም የቴሌግራም አድራሻቸው መግለጫው ላይ አለ። ፈቃድ ስትጠይቁ ምን ያህል ሰው እንደሚሰማና የት እንደሚሰማ ጻፉላቸው። ለአዘጋጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ክሪየቲቭ ኮመንስ የሚባል፣ ባለቤቱ ማካፈልን አስቀድሞ የፈቀደበት ፈቃድ ያላቸውም አሉ። ፈቃዱ «ለንግድ አይሁን፣ አይለወጥ» የሚል ከሆነ ሙሉውን በነፃ ማዞር ይቻላል፤ ቆርጦ ማሳጠር ወይም የአማርኛ ድምፅ ደርቦ ማሰራጨት ግን አይቻልም።

ድምፅና_ሽቦ

በዚህ እስማማለሁ። ሊንኩ ይቅደም፣ ፋይሉ ለተቸገረ ይሁን።

ደንገል_ታንኳ

በቴሌግራም ለምትልኩ ተጨማሪ። የድምፅ ፋይል ስትልኩ መግለጫው ላይ 12:40 ብላችሁ ብትጽፉ ቁጥሯ ትነካለች፤ የነካት ሰው በቀጥታ እዚያ ደቂቃ ላይ ይገባል። ከ20 ደቂቃ በላይ የሆነ ድምፅ ከሆነ ቴሌግራም ያቆማችሁበትን ያስታውሳል። ሃሽታግ በአማርኛ ፊደል ይሠራል፤ ግን አንድ አጻጻፍ ተስማምታችሁ ዝርዝሩን ግሩፑ አናት ላይ ስኩት። አንዱ «ባህል»፣ ሌላው «ባሕል» ብሎ ከጻፈ ግማሹ ነገር ጠፍቶ ይቀራል።

ደቂቃ ስትጠቅሱ ግን ጥንቃቄ ይኑር። ትልልቆቹ የውጭ ፖድካስቶች ማስታወቂያቸውን የሚሰኩት ፋይሉ በሚወርድበት ሰዓትና አገር መሠረት ነው። እዚህ የወረደው ማስታወቂያ ላይኖረው ይችላል፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያወረደው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይረዝማል። ያኔ 12:40 የምትሉት ቦታ ለእሱ 15 ላይ ነው። ስለዚህ ከደቂቃው ጋር ምልክት ጨምሩ፤ «ስለ ድልድዩ ማውራት ሲጀምሩ» እንደማለት።

ቤዛዊት_ሥር

በቡድን ስለማዳመጥስ? ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አንድ ክፍል ሰምተን ብንወያይ ብለን እያሰብን ነው።

ድምፅና_ሽቦ

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ሐይቅ ዳር ግን ድምፅ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ ያግዛል፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስለዚህ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከመክፈት ይልቅ ተጠጉ። ከስፒከሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ውስጥ ግማሽ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ፤ ስፒከሩ መሬት ላይ ሳይሆን በጆሮ ከፍታ ወንበር ላይ ይሁን፤ ጀርባው ወደ ግድግዳ ወይም ወደ አጥር። ነፋስ ከኋላችሁ ወደ ስፒከሩ የሚነፍስ ከሆነ ቦታ ቀይሩ፤ ከስፒከሩ ወደ እናንተ ይንፈስ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ስለሚበረታ ጠዋት ይመረጣል። ከጀልባ ማረፊያው ራቅ በሉ፤ የሞተሩ ጉምጉምታ የወንድ ድምፅን ይሸፍናል።

ስልኩ ውስጥ ድምፁን ወደ አንድ ቻናል የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ከተደራሽነት ሴቲንግ ስር ይገኛል። አለበለዚያ አንዱ ስፒከር ጋ ያለው ሰው ጠያቂውን፣ ሌላው መላሹን ብቻ የሚሰማበት ክፍል አለ።

ሰባታሚት

የእንግሊዝኛ ክፍል ከሆነ አንድ ሰው አስቀድሞ ሰምቶት ይምጣ። በየስድስት ሰባት ደቂቃው ሐሳቡ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያቁምና በአማርኛ በአጭሩ ይንገር። ማቆሚያዎቹን አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፋቸው፤ ካልተጻፉ ወይ መሐል ላይ ይቆረጣል ወይ ሰው ተኝቶ ይቆያል። የ25 ደቂቃ ክፍል እንዲህ ሲሰማ ከውይይቱ ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ከዚያ የሚረዝም አትምረጡ።

እነ አፕል ፖድካስትስ የሚያሳዩት አውቶማቲክ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሲጀመር ለእንግሊዝኛ፣ ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛና ለስፓኒሽ ነበር። ለእንግሊዝኛዎቹ እሱን እያሳዩ መስማት ይረዳል። ድምፅን ወደ አማርኛ ጽሑፍ የሚለውጡት ሞዴሎች ግን ገና ብዙ ይሳሳታሉ፤ ስምና ቁጥር ሲሆን በተለይ አትመኗቸው።

የፔዳዋ

ውይይቱን ቀድታችሁ ራሳችሁ ፖድካስት ማድረግ ከፈለጋችሁ፣ ሌላው ሰው እንዲያገኛችሁ ጥቂት ነገር ከመነሻው ይስተካከል። የሽፋን ሥዕሉ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን፣ ከ1400 እስከ 3000 ፒክሰል፣ በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ይሁን። ስልክ ላይ ጥፍር አክሎ ስለሚታይ የአማርኛ ፊደል ከሁለት ቃል በላይ አትጻፉበት፤ ፊደሉም ወፍራም ይሁን። ቀጭኑ ሲያንስ «ሐ» እና «ሕ» አይለዩም። ቋንቋውን አማርኛ ብላችሁ መዝግቡ፤ ብዙ ሰው ሳይነካው እንግሊዝኛ ሆኖ ይቀርና ማውጫው በተሳሳተ መደብ ያስቀምጠዋል። ሌሎቹን አጻጻፎችና የላቲኑን መግለጫው ውስጥ በዓረፍተ ነገር አስገቡ። አርዕስቱ ውስጥ ከደረደራችሁት አፕል ሊከለክለው ይችላል።

ሌላው፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፋይሉን የምታስቀምጡበትን ድርጅት ስትቀይሩ ያ መለያ መቀየር የለበትም፤ ከተቀየረ የድሮ ክፍሎች ሁሉ በአድማጮች ስልክ ላይ እንደ አዲስ ይወርዳሉ። ሜጋ የሚቆጥር ሰው ያን ቀን መከታተሉን ያቆማል። የድሮው አድራሻም ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ ይኑረው።

ስትቀዱ ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ በትንሹ ወደ ጎን ይዙር። ሐይቅ ዳር ከሆነ የስፖንጅ መሸፈኛው አይበቃም፤ ጸጉራም መሸፈኛ ያስፈልጋል።

አባይ_ማዶ

ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ጥያቄ ከዘጌ ከመጣ ሰው። ፍላሽ ላይ ጭኖ በስፒከር ለሚያዳምጥ ቅደም ተከተሉ ለምን ይዘበራረቃል? አንዳንዱ ፋይልም ጨርሶ አይከፈትም።

ድምፅና_ሽቦ

ርካሽ ስፒከሮች ፋይሉን የሚያጫውቱት በስሙ ሳይሆን ፍላሹ ላይ በገባበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ 01፣ 02 ብሎ መሰየሙ ብቻውን አይረዳም። ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ገልብጡ፤ ሁሉንም መርጦ በአንዴ መጎተት ቅደም ተከተሉን ሊያዛባ ይችላል። አዲስ ክፍል ሲጨመር መጨረሻ ላይ ይገባል። መሐል ላይ መጨመር ካስፈለገ ግን ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መገልበጥ ነው።

የማይከፈተው በሁለት ምክንያት ነው። ፍላሹ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ከተዘጋጀ አብዛኞቹ ስፒከሮች አያውቁትም፤ በፋት32 አዘጋጁት። ከ32 ጊጋ በላይ የሆነውን ፍላሽ የቆየ ዊንዶውስ በፋት32 አያዘጋጅም፤ ስለዚህ 8 ወይም 16 ጊጋ ግዙ፤ በ40 ኪሎቢት 8 ጊጋው ከ400 ሰዓት በላይ ይይዛል። ሁለተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው፤ ኤም4ኤ እና ኦፐስ አይከፍቱም፣ ኤምፒ3 አድርጉት። ፍጥነቱ ቋሚ ይሁን። ተለዋዋጭ ከሆነ ወደፊት ስታሳልፉት ያልሆነ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ የሚያሳየው ሰዓትም የተሳሳተ ነው።

የመኪና ማጫወቻ ላይ የአማርኛው ስም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ የፋይሉን መለያ (ስሙና አዘጋጁ የሚጻፍበትን) በአይዲ3 ስሪት 2.3 አስቀምጡት፤ 2.4ን የማያነቡ ብዙ ናቸው። እሱም ካልረዳ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ያኔ ስሙን በላቲን ጻፉለት።